ስለ ሂንዱ ሃይማኖት ታሪክና እምነት ጥቂት ቃል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ቀን እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንድናቀርብ ተፈቅዶልናል። የመረጥነውም አርእስት የሂንዱ ሃይማኖት ታሪክና እምነት ነው። «በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደጋችሁ ልጆች ይህን ለመናገር ምን አነሣሣችሁ?» የሚለን ይኖር ይሆናል። ምክንያታችን ይህ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ከሰባት ሰዎች አንዱ ያህል ሂንዱ ነው፤ ቍጥራቸውም ከአንድ ሺሕ ሚሊዮን ይበልጣል። አብዛኞቹ የሚኖሩት በሕንድ አገር ነው፤ በኔፓልም፣ በኢንዶኔዥያ ውስጥ ባለችው በባሊ ደሴትም፣ በሞሪሸስም ብዙዎች ናቸው። ይህን ያህል ሕዝብ የሚጸናበትንና የሚሞትበትን እምነት አለማወቅ ዓለምን በግማሽ ዐይን ማየት ነው።

ከሕንድ ጋራ ያለን ትውውቅም የትናንት አይደለም። በአክሱም ዘመን የአዱሊስ ወደብ ነጋዴዎች ከሕንድ ጋራ ይገበያዩ ነበር፤ በደብረ ዳሞ ገዳም የተገኙት፣ ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ለዚህ ምስክር ናቸው። በቅርቡም ዘመን፣ ጣሊያን በ1941 ከአገራችን ከተባረረ በኋላ፣ ብዙ የሕንድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል። ከእነርሱም አያሌዎቹ ክርስቲያኖች፣ ሌሎቹ ሂንዱዎች ነበሩ። ከአያቶቻችን ብዙዎቹ አልጀብራውንና ፊዚክሱን የሰሙት ከእነርሱ አፍ ነው። (በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።)

ስለ ሌላው ሰው ሃይማኖት የሚናገር ሁሉ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው፣ ሳያውቁ መንቀፍ ነው፤ ሁለተኛው፣ እንግዳ ላለማስቀየም ሲሉ ጕድለቱን መሸፈን ነው። እኛ ግን አንድ ሂንዱ ከመካከላችን ተቀምጦ ቢሰማን «አዎን፣ ይህ የእኔ እምነት ነው» እንዲል አድርገን ለመናገር፣ ደግሞም የገዛ ልጆቹ ያለቀሱበትን ነገር ላለመደበቅ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ሂንዱ የሚለው ቃል በመሠረቱ የወንዝ ስም ነው። ከሂማላያ ተራሮች ወርዶ ዛሬ ፓኪስታን በሚባለው አገር የሚፈሰውን ታላቅ ወንዝ የጥንት ሰዎች በሳንስክሪት ቋንቋ ሲንዱ ይሉት ነበር። ፋርሶች «ሰ» የሚለውን ድምፅ ወደ «ሀ» ይለውጡ ስለ ነበረ ሂንዱ አሉት፤ ሕንድ የሚለው የእኛም ቃል ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው። እንግዲህ ሂንዱ ማለት መጀመሪያ ከዚያ ወንዝ ወዲያ የሚኖር ሰው ማለት ነበር። ባለቤቶቹ እምነታቸውን ሳናታና ዳርማ ይሉታል፤ ዘላለማዊ ሥርዓት እንደ ማለት ነው።

ከስሙም አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። ይህ ሃይማኖት አንድ መሥራች፣ አንድ የልደት ቀን፣ ሁሉም የሚደግመው አንድ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ሁሉን የሚያዝ አንድ አለቃ የለውም። ዐባይ ከብዙ ገባሮች ውሃ እየተቀበለ እንደሚወርድ፣ እርሱም ከብዙ ዘመንና ከብዙ ነገድ የመጣውን እየተቀበለ ወርዷል። ስለዚህም «ሂንዱዎች ሁሉ እንዲህ ያምናሉ» ብሎ የሚጀምር ሰው ቶሎ ይሳሳታል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2600 እስከ 1900 ዓመት ገደማ በዚያ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሞሄንጆ ዳሮና ሃራፓ የሚባሉ፣ በተተኰሰ ጡብ የተሠሩ፣ መንገዳቸው የቀና፣ የውሃ መውረጃ ያላቸው ከተሞች ነበሩ። ጽሕፈታቸው እስከ ዛሬ ስላልተነበበ ሃይማኖታቸው ምን እንደ ነበረ አልተገለጠም። ከእነርሱ በኋላ፣ ከ1500 እስከ 1000 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ሪግ ቬዳ የሚባለው መጽሐፍ ተደረሰ። በዐሥር ክፍል የተከፈሉ 1028 መዝሙሮች ሲኖሩት፣ ለእሳቱ ለአግኒ፣ ለነጐድጓዱ ለኢንድራ፣ ለንጋቷ ለኡሻስ የሚቀርቡ ምስጋናዎች ይገኙበታል። ከእርሱ ጋራ ሳማ ቬዳ፣ ያጁር ቬዳና አታርቫ ቬዳ ሲጨመሩ አራት ይሆናሉ። እነዚህ መጻሕፍት ለብዙ መቶ ዓመታት በብራና አልተጻፉም፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ብቻ ተላለፉ። ደቀ መዝሙሩ አንዲት ድምፅ እንዳትወድቅ ቃላቱን እያገላበጠና እየደጋገመ ያጠና ነበር። የቆሎ ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን በቃሉ ሲያጠና ላየ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ከቬዳዎች በኋላ፣ ከ800 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ፣ ኡፓኒሻድ የሚባሉት መጻሕፍት ተነሡ። የእነዚህ ጥያቄ ስለ መሥዋዕት ሥርዓት ሳይሆን ስለ ራሱ ስለ ሰው ነው፤ «እኔ ማን ነኝ? ሁሉን የያዘው ምንድን ነው?» የሚል ነው። በአንደኛው ውስጥ ኡዳላካ ስለሚባል አባትና ሽቬታኬቱ ስለሚባል ልጁ ይነገራል። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ሁሉን ያወቀ መስሎት ኰርቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። (ዐሥራ ሁለት ዓመት መሆኑን በተለይ የክፍል ጓደኞቻችን ልብ ይበሉ።) አባቱም ጨው በውሃ ውስጥ ጨምሮ እንዲያሳድር አዘዘው። በማግሥቱ ጨውን አምጣ ቢለው ልጁ ፈልጎ ዐጣው። ከላይ ቅመሰው አለው፤ ጨው ሆነ። ከመካከልም፣ ከታችም ቢቀምሰው ጨው ሆነ። አባቱም በዚህ አስረዳው፤ በፍጥረት ሁሉ ውስጥ ያለው እውነት እንደዚህ የማይታይና የትም የማይጐድል ነው፤ የአንተም እውነተኛ ማንነት እርሱ ራሱ ነው አለው።

ይህ ሁሉን የሞላ እውነት ብራህማን ይባላል። በሰው ውስጥ ያለው የነፍስ ሥር ደግሞ አትማን ይባላል። እዚህ ላይ ሦስት ተመሳሳይ ቃላት እንዳያሳስቱን እንጠንቀቅ፤ ብራህማን ረቂቁ እውነት ነው፣ ብራህማ ፈጣሪ የሚባለው አምላክ ነው፣ ብራህሚን የካህናቱ ወገን ነው። አትማን በሞት አትጠፋም፤ ሰው ልብሱን እንደሚለውጥ ከሥጋ ወደ ሥጋ ትሻገራለች ይላሉ። ይህ መመላለስ ሳምሳራ ይባላል። የሚመራውም በካርማ ነው፤ ካርማ ማለት ሥራ ማለት ሲሆን፣ ሰው የዘራውን በዚህ ወይም በሚመጣው ሕይወት ያጭዳል የሚል ሕግ ነው። ከዚህ መመላለስ መፈታት ሞክሻ ይባላል፤ የሂንዱም የመጨረሻ ተስፋ ይህ ነው።

ወደ ስድስተኛውና አምስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ የቬዳን መሥዋዕትና የብራህሚኖችን ሥልጣን ያልተቀበሉ ሁለት ታላላቅ መምህራን ተነሡ፤ እነርሱም ቡድሃና ማሃቪራ ናቸው። የቡድሃ የሕይወቱ ታሪክ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲተረጐም ሄዶ፣ የክርስቲያን ልብስ ለብሶ፣ በረላም ወይዋሰፍ በሚል ስም በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በ1553 በአባ ዕንባቆም እጅ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሷል። የእነዚህ መምህራን ተቃውሞ ሂንዱዎችን እንዲያስቡ አደረጋቸው፤ የእንስሳ መሥዋዕት እየቀነሰ፣ አሂምሳ የሚባለው ሕያው ፍጥረትን ያለመጕዳት ትምህርት እየሰፋ ሄደ።

ሕዝቡ ግን ሃይማኖቱን ይበልጥ የሚያውቀው ከረቂቁ ትምህርት ሳይሆን ከሁለት ታላላቅ ታሪኮች ነው። ራማያና 24,000 ያህል ስንኞች አሉት፤ የመስፍኑን የራማንና የታማኝ ሚስቱን የሲታን መከራ ይተርካል። ማሃባራታ ወደ 100,000 ስንኞች ይደርሳል፤ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች በመንግሥት ተጣልተው የተላለቁበትን ጦርነት ይተርካል። በዚህም ውስጥ 700 ስንኝ ያለው ባጋቫድ ጊታ ይገኛል። አርጁና የተባለው ጀግና ሠረገላውን በሁለቱ ጦር መካከል አቁሞ ቢመለከት፣ ከወዲያ በኩል የቆሙት አጎቶቹና መምህራኑ ሆነው አገኛቸው፤ ቀስቱም ከእጁ ወደቀ። ሠረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና፣ እርሱም ቪሽኑ የተባለው አምላክ በሰው መልክ ሆኖ፣ ግዴታህን ፈጽም፣ ዋጋውን ግን አትመኝ እያለ ይመክረዋል። ወደ ነጻነት የሚወስዱትንም መንገዶች ያሳየዋል፤ የሥራ መንገድ፣ የዕውቀት መንገድ፣ የፍቅርና የአምልኮ መንገድ ናቸው።

አሁን ሁሉም ወደሚጠይቀው ጥያቄ ደረስን፤ ሂንዱ የሚያመልከው አንድ አምላክ ነው ወይስ ብዙ? ብራህማ ይፈጥራል፣ ቪሽኑ ይጠብቃል፣ ሺቫ ያፈርሳል፣ አፍርሶም ያድሳል ይባላል። ቪሽኑ ዓለም በክፋት በተጨነቀች ጊዜ ይወርዳል፤ ከዐሥሩ መውረዶቹ ራማና ክሪሽና ዋነኞቹ ናቸው። ዴቪ የተባለችው ታላቅ እናትም በዱርጋ፣ በካሊ፣ በላክሽሚ ስም ትመለካለች። ብዙ ሂንዱዎች ግን ሲጠየቁ «ስሙ ብዙ ነው፣ እርሱ ግን አንድ ነው» ይላሉ። ሊቃውንቱም በዚህ ላይ ተከራክረዋል። በስምንተኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረው ሻንካራ ብራህማን ብቻ እውነት ነው፣ ነፍስም ከእርሱ አትለይም አለ። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው ራማኑጃ ዓለምና ነፍሳት እውነት ናቸው፣ ለአምላክም እንደ ሥጋው ናቸው አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ማድቫ ደግሞ አምላክና ነፍስ ለዘላለም የተለያዩ ናቸው አለ። ሦስቱም እስከ ዛሬ የከበሩ መምህራን ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ከሃይማኖቱ አላስወጣም።

ስለ ምስሎቹም እንዲሁ ነው። ሂንዱ በቤቱ ጥግ ትንሽ የጸሎት ስፍራ አበጅቶ በምስሉ ፊት መብራት ያበራል፣ አበባና ምግብ ያቀርባል፤ ይህ ፑጃ ይባላል። ምስሉ ዕንጨት ወይም ጭቃ መሆኑን እርሱም ያውቃል፤ በጸሎት ከተቀደሰ በኋላ አምላኩ እንደ እንግዳ ያድርበታል ብሎ ያምናል። በቤንጋል አገር የዱርጋ በዓል ሲደርስ ምስሏን ከወንዝ ጭቃ ያማረ አድርገው ይሠራሉ፣ ለቀናት ያመልኩባታል፣ ከዚያም በዘፈን አጅበው ወንዝ ውስጥ ይጥሏታል፤ ጭቃው ወደ ጭቃ ይመለሳል። እኛ በተማርነው ትምህርት በዚህ ላንስማማ እንችላለን፤ ከራሳቸው ከሂንዱዎችም እንደ ራም ሞሃን ሮይና እንደ ዳያናንዳ ሳራስዋቲ ያሉ የምስልን አምልኮ የተቃወሙ አሉ። ሆኖም ከመቃወም በፊት ሰውየው የሚያደርገውን ምን ብሎ እንደሚያደርገው መጠየቅ ይገባል።

የእስላም ነገሥታትም በሕንድ ብዙ ዘመን ገዝተዋል፤ የደልሂ ሱልጣኖች ከ1206፣ ሞጉሎች ከ1526 ጀምሮ ነው። በዚያ ዘመን የፈረሱ ቤተ መቅደሶች ነበሩ፤ ነገር ግን ንጉሡ አክባር (1556–1605) ማሃባራታን ወደ ፋርስ ቋንቋ አስተረጐመ። የልጅ ልጁ ልጅ ዳራ ሺኮህም በ1657 ኡፓኒሻዶችን በፋርስ ቋንቋ አወጣ። አውሮፓውያንም ኡፓኒሻዶችን መጀመሪያ ያነበቡት ከዚሁ ትርጕም ወደ ላቲን ተመልሰው ነው። ስለዚህ የሌላውን መጽሐፍ በቅን ልብ ማንበብ በእኛ አልተጀመረም።

እስካሁን የተናገርነው የሚያምረውን ነው። አሁን ደግሞ የሚያሳዝነውን እንናገር። በሪግ ቬዳ በዐሥረኛው ክፍል ያለ አንድ መዝሙር ሰዎች ከአንድ ታላቅ ሰው አካል እንደ ወጡ ይናገራል፤ ከአፉ ብራህሚኖች፣ ከክንዱ ክሻትሪያ የተባሉ ጦረኞች፣ ከጭኑ ቫይሽያ የተባሉ ነጋዴዎችና ገበሬዎች፣ ከእግሩ ሹድራ የተባሉ አገልጋዮች ወጡ። ይህ ክፍፍል በዘመን ብዛት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አጥር ሆነ። ከአራቱም ውጭ የቀሩት፣ ቆዳ የሚፍቁት፣ የሞተ ከብት የሚያነሡት፣ ቈሻሻ የሚጠርጉት፣ የማይነኩ ተባሉ። ወደ ቤተ መቅደስ አይገቡም፣ ከመንደሩ ጕድጓድም አይቀዱም ነበር። ፋቂና ሸማኔ በሥራው መናቁ ለአገራችንም እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ይህን የምንናገረው ጣት ለመቀሰር አይደለም።

አንድ ጥያቄ ግን አይቀርም። እውነት በፍጥረት ሁሉ ውስጥ ጨው በውሃ ውስጥ እንዳለ ካለ፣ ስለ ምን አንዱ ሰው የሌላውን ውሃ እንዳይነካ ተከለከለ? ይህን ጥያቄ አስቀድመው የጠየቁት የሕንድ ልጆች ራሳቸው ናቸው። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ሸማኔው ካቢርና ቆዳ ሠሪው ራቪዳስ አምላክ የሰውን ዘር አይጠይቅም ብለው ዘመሩ። የመሳፍንት ወገን የሆነችው ሚራባይም ያን ቆዳ ሠሪ መምህሬ አለችው ተብሎ ይተረካል።

በኋላም በእንግሊዞች ዘመን ራም ሞሃን ሮይ (1772–1833) ባሏ የሞተባት ሴት ከሬሳው ጋራ እንዳትቃጠል የሂንዱዎችን መጻሕፍት እየጠቀሰ ተከራከረ፤ ያ ልማድ በ1829 በሕግ ተከለከለ። በ1893 ስዋሚ ቪቬካናንዳ በቺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ቆሞ ስለ ሃይማኖቱ ለዓለም ተናገረ፤ በአገሩ ግን ድኻን ማገልገል አምላክን ማምለክ ነው እያለ አስተማረ። ማሃትማ ጋንዲ (1869–1948) የማይነኩ የተባሉትን የእግዚአብሔር ልጆች ብሎ ጠራቸው፤ ይህን ነውር ከሃይማኖቱ ማውጣት ይቻላል ብሎም ታገለ።

ከራሳቸው ከተናቁት ወገን የተነሣው ዶክተር አምቤድካር (1891–1956) ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በ1927 በማሃድ ከተማ ለሕዝብ ሁሉ በሕግ ወደ ተፈቀደ፣ እነርሱ ግን በልማድ ወደ ተከለከሉት የውሃ ኩሬ ብዙ ሺሕ ሰዎች መርቶ ወርዶ በእጁ ውሃ ጠጣ። ተቃዋሚዎቹም ውሃው ረከሰ ብለው የማንጻት ሥርዓት አደረጉበት። በ1936 የትራቫንኮር ንጉሥ የመቅደሶችን በር ለሁሉም ከፈተ። ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት፣ አምቤድካር የአርቃቂዎቹ ሊቀ መንበር የነበረበት፣ ሰውን የማይነካ ማለትን ሻረ። አምቤድካር ግን ልቡ አላረፈም፤ በ1956 በናግፑር ከተማ በመቶ ሺሕ ከሚቈጠሩ ተከታዮቹ ጋራ የቡድሃን ሃይማኖት ተቀበለ። በ1997 ከዚያው ወገን የተወለዱት ናራያናን የሕንድ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በየመንደሩ ያለው ንቀት ግን በሕግ ብቻ አልጠፋም።

የሃይማኖት ቍጣ ያመጣውም መከራ መነገር አለበት። ጋንዲን በጥር 1948 የገደለው ለእስላሞች አደላ ብሎ የተቈጣ ሂንዱ ነው። በ1992 በአዮድያ ከተማ በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ በሂንዱዎች ፈረሰ፤ ከዚያ በተነሣው ሁከት ብዙ ሰው ዐለቀ፤ በ2024 በዚያው ስፍራ የራማ ቤተ መቅደስ ተመረቀ። «ስሙ ብዙ ነው፣ እርሱ ግን አንድ ነው» የሚለው ቃል በዚያ ቀን ምን እንደ ሆነ የሚጠይቁ ሂንዱዎች አሉ።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ጋንዲና አምቤድካር በአንድ ቍስል ላይ ቆመው ሁለት መድኃኒት አዘዙ፤ አንዱ ቤቱን እናጽዳው አለ፣ ሌላው ቤቱን ልቀቁት አለ። ከሁለቱ ማንኛው ልክ እንደ ነበረ በሕንድ ዛሬም ይከራከሩበታል፤ እኛም ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን። ከሁለቱም ግን አንድ ነገር ተምረናል። አንድን ሃይማኖት በትክክል ሊመዝነው የሚችል ሰው አስቀድሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ቃሉን ያወቀ ነው፤ ያን ካላወቀ የት እንደ ጐደለ ሊያይ አይችልም። ከሩቅ ሆኖ «አረማውያን» ብሎ የሚያልፍ ሰው የጨውንም ትምህርት፣ የጕድጓዱንም በደል አያይም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየፊናችን እንበተናለን። ከእኛ የተለየ ጸሎት ከሚጸልዩ ሰዎች ጋራ በአንድ መሥሪያ ቤት እንቀመጣለን፣ በአንድ ሰፈር እንኖራለን። ያን ጊዜ አስቀድመን ጠይቀን፣ ሰምተን፣ ከዚያ በኋላ እንድንናገር፤ በገዛ እምነታችንም ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠውን ቃል ይዘን፣ በሰፈራችን ውሃ የተከለከለ ሰው እንዳይኖር እንድንመለከት አደራ እንላለን።